ከሆቴሉ ጀርባ ያለው ጨለማ

ባለሆቴሉ የመብራቱን ሥራ ሲሰጡኝ አጥብቀው ያዘዙኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሆቴሉ ከአበርገሌ በኩል ለሚመጣ ሰው ከሩቅ እንዲታይ። «ሾፌሩ ገና ዳገቱን ሳይጨርስ ‹ያውላችሁ፣ ሰቆጣ ደረስን› ይበልልኝ» አሉ። ሰውየው በፍየልና በማር ንግድ የከበሩ ናቸው። በወጣትነታቸው ያንኑ መንገድ ፍየል እየነዱ በእግራቸው ተመላልሰውበታል፤ አምሽተው ሲደርሱ የሚቀበላቸው ጨለማና የውሻ ጩኸት ነበር። ስለዚህ ስለ ብርሃን ሲያወሩ ቀልድ አያውቁም። እኔም ለዚሁ ሥራ ከአዲስ አበባ ድረስ ተጠርቼ የመጣሁ ነኝና «ይታያል ጋሼ፣ ምን ችግር አለው» አልኳቸው።

ችግር ነበረው። ያንኑ ዕለት ማታ እናቴ ቤት ራት ስንበላ ነገሩ ተነሣ።

«ፊቱ ወዴት ነው?» አለችኝ እናቴ።

«የምኑ?»

«የመብራታችሁ ነዋ።»

እናቴ ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ባሕር ዳር ኤሌክትሪክ ስማር ምን እንደምማር አልጠየቀችም፤ አዲስ አበባ የመብራት ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ቀጥሮኝ ለሰው ቤትና ለሱቅ መብራት መንደፍ ስጀምርም «ከሰው እጅ ካላስጠበቀሽ ይበቃል» ብላ ነበር ያለፈችው። ስለዚህ ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሆቴሉ የተሠራው በከተማዋ ጫፍ፣ መሬቱ ወደ ቦረቦር በሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። ከቦረቦሩ ማዶ እኔ ያደግሁበት ሰፈር አለ፤ የእናቴም ቤት እዚያ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት በቀረበት በዚያ ዘመን በሰፈሩ አንድም መጸዳጃ ቤት አልነበረም። ወንዶቹ በፈለጉት ሰዓት ያገኙት ጥግ ይቆማሉ፤ ሃይ ባይ የላቸውም። ሴቶቹ ግን ቀኑን ሙሉ ችለው፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነጠላቸውን ተከናንበው ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ወደ ቦረቦሩ ይወርዳሉ። «እንውረድ» ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም የለውም። በዚያ ሰዓት በመንገዱ የሚያልፍ ወንድ ካለ ከሩቅ ጀምሮ ጉሮሮውን እየጠረገ ይመጣል፤ አንገቱንም ወደ ሌላ ያዞራል። በሩም ግድግዳውም ያው ጨለማው ነበር።

ደግሞ ወርደው ወዲያው አይመለሱም። ጉዳያቸውን ከጨረሱ በኋላ ከፍ ብሎ ነፋስ ያለበት ቦታ ቁጭ ይሉና በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ያወራሉ። ባል የለ፣ አማት የለ፣ እንግዳ የለ። አባቴ ከሌላ አገር የመጣ የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር ስለነበር ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ አባቴ ከሞተም በኋላ ልማዱ አልቀረም። እናቴ በአፍ መፍቻዋ እንደ ልቧ የምታወራው እዚያ ብቻ ነበር። የማን ልጅ ልትዳር እንደታሰበ፣ የማን ባል እጁን እንዳነሣ፣ የትኛዋ ልጅ ለአረብ አገር ደላላ እንደተሰጠች የሚታወቀው እዚያ ነው። ልጅ ሳለሁ አብሬ እወርድ ነበር። እናቴ ከልቧ ስትስቅ የሰማሁት ብዙውን ጊዜ በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው።

የአበርገሌ መንገድ የሚያየው ደግሞ የሆቴሉን ጀርባ ነው። ባለሆቴሉ እንዳሉት ጀርባው ላይ ፓውዛ ቢሰቀል ቦረቦሩ ከአፍ እስከ ገደፉ በብርሃን ይሞላል።

«ፊቱ ወደ እናንተ አይዞርም» አልኳት እናቴን።

«አደራ» አለች። ከዚያ ወዲያ አላነሣችውም።

ታዲያ ለሰውየው በግልጽ አትነግሪያቸውም ወይ የሚል ይኖራል። እንዴት ብዬ? ባል ያላገባሁ ሴት፣ አባቴ በሚሆኑ ሰው ፊት፣ ፎርማኑና ግንበኞቹ ጆሯቸውን አቁመው እያዳመጡ፣ «እናቶቻችን ከሆቴልዎ ጀርባ ይቀመጣሉ» ልበል? ምላሴ እንደማያርፍ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፤ ይህችን ቃል ግን ማውጣት አቃተኝ። ደግሞ ሰውየው አያውቁም ማለት አይደለም። የዚያው አገር ልጅ ናቸው፤ እናትም እህትም ነበራቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ መኖር በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እኔም በዚያው ያደግሁ ነኝ።

ስለዚህ ከውስጡ ጀመርኩ፤ የጀርባውን ነገር ለማዘግየት።

በውስጡ በየቀኑ እንጣላ ነበር። ባለሆቴሉ ደሴ ሄደው ያዩት አንድ ቤት ዓይናቸው ላይ ቀርቶ ኖሮ የስብሰባው አዳራሽ መድረክ ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ አምፖል ይደርደርበት አሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ አዳራሽ ነው ጠጅ ቤት?» አልኳቸው።

«ጠጅ ቤት መቼ ከሰረ?» ብለው ሳቁ።

የስብሰባ አዳራሽ ዋናው ነገሩ ተሰብሳቢው የሚጽፍበት ወረቀት ላይ ጥላ እንዳይወድቅና የተናጋሪው ፊት እንዲታይ ነው። መብራቱን በሙሉ ከኮርኒሱ ቁልቁል ካወረድከው ተናጋሪው ዓይኑ ጎድጉዶ የታመመ ይመስላል። እኔ ከጎንም ከጎንም ዝቅ ያለ ብርሃን ጨመርኩበት፤ የፊተኛውን ረድፍ ደግሞ ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ ሰጠሁት፤ ግድግዳ ላይ ሥዕል ማሳየት የሚፈልግ እንግዳ ቢመጣ የፊቱን ብቻ እንዲያጠፋ። ሌላው ጣጣ የኃይል ነገር ነበር። ከተማዋ ከጄኔሬተር ወደ መስመር መብራት ከተሻገረች ብዙም አልቆየችም፤ ማታ ማታ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲያበራ ኃይሉ ይወርዳል፤ ረጃጅሞቹ የፍሎረሰንት መብራቶች ብልጭ ድርግም ይሉና መነሣት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ከተራ አምፖል ጋር ቀላቅዬ ሰቀልኳቸው። ባለሆቴሉ ድብልቁን አልወደዱትም ነበር፤ አንድ ማታ ኃይሉ ወርዶ ነጩ ሲጠፋ ቢጫው ሲቀር አይተው ግን ክርክሩን ተዉት።

የመኝታ ክፍሎቹን ስሠራ የአልጋ ራስጌ መብራት ላይ ተከራከርን። «ሰው አልጋ ላይ የሚወጣው ሊተኛ ነው፤ ምን ያነባል?» ባይ ናቸው። እሱን አሸነፍኩ። ያላሰብኩት ነገር የገጠመኝ የመታጠቢያ ቤቶቹን አምፖል ስሰቅል ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ነጭ የሸክላ መቀመጫ፣ የራሱ በር፣ የራሱ መቀርቀሪያ ነበረው። በአንድ ኮሪደር ላይ የተደረደረው ብቻ ለሰፈራችን በሙሉ ይበቃ ነበር። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ተናደድኩ። በማን ላይ እንደተናደድኩ እንኳ አላወቅሁም፤ ሰውየው በገንዘባቸው ሆቴል መሥራታቸው ጥፋት አይደለም። አምፖሉን አጥብቄ ወረድኩ።

ወደ ውጩ ስንመጣ የፊት ለፊቱ ነገር ቀላል ነበር። የሆቴሉ ፊት በአገሩ ጥርብ ድንጋይ የተለበጠ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢዎቹ ከደሃና ወረዳ የመጡ ነበሩ፤ እጃቸውን ይባርከው። በዚህ ላይ ፓውዛ መልቀቅ ግፍ ነው፤ ድንጋዩ ጠፍጣፋ ካርቶን ይሆናል። እኔ መብራቶቹን ከግድግዳው ሥር ጠጋ አድርጌ ወደ ላይ እንዲያዩ አደረግሁና አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ባለሆቴሉን ከመንገዱ ማዶ ወስጄ አቆምኳቸው። ሲበራ የእያንዳንዱ ድንጋይ የመሮ ምልክት ተነሥቶ ታየ። ሰውየው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ይኼ የኔ ቤት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የእርስዎ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይኼኔ ነው ማለት ብዬ ቸኮልኩ። «ጀርባውንም እንዲሁ ላድርገው ጋሼ፤ ግድግዳው ይብራ እንጂ ሜዳው ምን ያደርግልናል?» አልኳቸው። እሳቸው ግን እንባቸውን ሳይጠርጉ ነጋዴነታቸው ተመለሰ። ጀርባው ጥርብ ድንጋይ አልደረሰውም፤ ያልተለሰነ ብሎኬት ነው። «ብሎኬቴን ለአገር ላሳይ? ለፊቱ እንዳልሽው ይሁን። ለጀርባው ፓውዛ ስቀይ፤ ብርሃኑ ወደ ፊት ይወርወር፤ ከአበርገሌ መንገድ ይታይ» ብለው ዘጉት።

ሦስት ፓውዛ ሰቀልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ፤ የሳቸው ቤት ነው። ነገር ግን መስመሩን ለብቻው አወጣሁትና ማብሪያ ማጥፊያውን ዘበኛው ቤት ውስጥ አስገባሁት። ምክንያቴንም አዘጋጅቼ ነበር። «ጋሼ፣ ኃይል የሚወርደው ልክ ሲመሽ ነው። ያኔ ፓውዛዎቹ ከበሩ የአዳራሹን መብራት ይጎትቱታል። ከራት በኋላ፣ ከተማው ሲረጋጋ ይብሩ» አልኳቸው። ይህ ውሸት አልነበረም። ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው፤ በዚያች ግማሽ ሴቶቹ ሰዓታቸውን ያገኛሉ። ባለሆቴሉ ተስማሙ።

ዘበኛው በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ማብሪያ ማጥፊያውን እያሳየሁ ለሳቸውም ያንኑ ነገርኳቸው። ወደ ቦረቦሩ አዩ፤ እኔን አዩ።

«ለኃይሉ ነው አልሽኝ ልጄ?»

«ለኃይሉ ነው አባቴ።»

«መልካም። ኃይሉማ መጠበቅ አለበት፤ እኔም ቤት ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። እኔ ከአዲስ አበባ እየተመላለስኩ የቀረውን እጨርሳለሁ፤ ዘበኛው ከራት በኋላ ያበራሉ፤ እናቴና ጎረቤቶቿ በሰዓታቸው ይወርዳሉ። አንዳንድ ቀን ባለሆቴሉ «ዛሬስ ለምን ዘገየ?» ሲሏቸው ዘበኛው «ኃይሉ ገና አልተነሣም» ብለው ይመልሳሉ። ኃይሉ ተነሥቶ ሰማይ ቢነካም መልሳቸው አይለወጥም።

ከዚያ የመጀመሪያው ትልቅ ስብሰባ መጣ። እንግዶቹ ከክልልም ከዞንም የተውጣጡ ናቸው፤ የሚሰበሰቡትም ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። የፈጠርኩት ይመስላል፤ ግን በዚያ ሰሞን ስብሰባው ሁሉ ስለዚያ ነበር። ባለሆቴሉ ከደስታቸው ብዛት መግቢያው ላይ ያሉትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ኖራ አስቀቧቸው። እኔንም መብራቱ እንዳያሳፍራቸው ስብሰባው እስኪያልቅ አትሂጂ አሉኝ። እንግዶቹ በመጀመሪያው ቀን አበርገሌ ወርደው የገጠር መንደር ጎብኝተው ነው የሚገቡት፤ በአበርገሌ መንገድ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት ቀን ነበር።

«መኪኖቹ ዳገቱን ሲይዙ ፓውዛው ይበራል» አሉ።

«ኃይሉ ጋሼ...»

«ጄኔሬተር አስመጥቻለሁ።»

አለቀልኝ። ያቺ ግማሽ እውነቴ ዋጋ አጣች፤ የቀረኝ ሙሉው ነበር፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ አፌ ተሳሰረ። የተጽናናሁት እንግዶቹ ከመሸ በኋላ ነው የሚደርሱት ስለተባለ ነው። እስከዚያ ሴቶቹ ወርደው፣ አውርተው፣ ተመልሰዋል። እናቴን እንኳ አላስጠነቀቅኋትም፤ የሚያሰጋ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

መኪኖቹ ቀድመው መጡ። እኔ አዳራሹ ውስጥ የብሬከሩን ሳጥን ከፍቼ ሳይ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ድንገት በጀርባ በኩል ያሉት መስኮቶች ነጭ ሆኑ። ዘበኛው በሩን ለመክፈት ወደ ፊት ሄደው ኖሮ ባለሆቴሉ ራሳቸው ገብተው ነው ያበሩት። በጓሮው በር ወጣሁ። ቁልቁል ሳይ ሴቶቹ በብርሃኑ መካከል አሉ። አንዳንዷ ቆማ፣ አንዳንዷ ተቀምጣ፤ አንዷም አልሮጠችም። የቻሉት ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ብቻ ሸፈኑ። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ ነው። እኔ ግን እናቴን በትከሻዋ አወቅኋት።

ባለሆቴሉ ከዘበኛው ቤት ወጥተው እንግዶቹን «ኑ በዚህ በኩል፣ ከዚህ ሆኖ አገሩ ይታያል» እያሉ ይጠሩ ነበር። እንግዶቹም እየመጡ ነበር፤ ወንዶች፣ አብዛኞቹ ኮት የለበሱ። ሮጬ ዘበኛው ቤት ገባሁና እጄን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ስጭን ባለሆቴሉ ከኋላ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ።

«አበድሽ እንዴ? ዛሬ ልታዋርጅኝ ነው?»

«ጋሼ፣ እናቴ እታች ናት» አልኳቸው።

ጮኼ ነው ያልኩት። እንግዶቹ ሰሙ፤ ሾፌሮቹም ሰሙ። ባለሆቴሉ ክንዴን እንደያዙ በበሩ በኩል ቁልቁል አዩ። ከዚያ ክንዴን ለቀቁና በገዛ እጃቸው አጠፉት። ጨለማው ተመለሰ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

የዚያን ማታ እናቴ ቤት ስደርስ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች። እኔም ሳልቀሰቅሳት ጋደም አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ሲያመልጠኝ ታውቆኛል፤ አልተጸጸትኩም። ያፈርኩት ስለ እናቴ ነው፤ እንደዚያ መታየቷ አንገበገበኝ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ፣ እኔ በሰቀልኩት መብራት ሥር፣ አንዱ ባለሥልጣን በማይክሮፎን «ዓይነ ምድር» ሲል ዋለ። እኔ ወራት ሙሉ አንዲት ጊዜ ማለት ያቃተኝን ነገር ሰውየው እንደ ሰላምታ ደጋገመው። ባለሆቴሉ ከኋላ በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከግንባታው የተረፈው ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ በአህያ እየተጫነ ወደ ሰፈራችን ወረደ። ማን ላከው ቢባል አህያ ነጂዎቹ «እኛ አድርሱ ተባልን እንጂ» ከማለት በቀር አይናገሩም። ቀበሌውም ሰው አሰልፎ ጉድጓድ አስቆፈረ። ክረምቱ ሳይገባ እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ነበረው።

የእናቴ ከሁሉም ያምራል። በሩ በውስጥ በኩል የሚያዝ መንጠቆ አለው፤ ውኃ የያዘች ጄሪካን አጠገቡ ተሰቅላለች። ከአዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ እናቴ ቀን ውኃ መጠጣት ጀምራለች። እስከዚያ ዕድሜዋ ድረስ ከማለዳ በኋላ ውኃ የማትጠጣው ስለማይጠማት ይመስለኝ ነበር። ቁጭ ብላ ጣሳውን ጭልጥ አድርጋ ስታስቀምጥ ሳይ የባለሥልጣኑን ማይክሮፎን መረቅሁት።

ግን አመሻሹ ላይ ምን እንደምታደርግ ግራ ይገባት ጀመር። ትነሣለች፣ ነጠላዋን ትይዛለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ቀድማ መተኛት አመጣች። አንድ ጊዜ ስመጣ ኩርፍ ብላ አገኘኋት። ለስንት ዘመን አብራት ስትወርድ የኖረች፣ ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ያለ ጎረቤት አላት፤ የእሷ ልጅ አረብ አገር ከሄደች ወር አልፏታል፤ እናቴ የሰማችው ገበያ ላይ፣ ከሌላ ሰፈር ሴት ነው።

«ልጇን ስትሸኝ አላለቀስኩላትም» አለች። «እሷስ ብትሆን ምነው ሳትነግረኝ?»

«የት ትንገርሽ እማ?»

ነጠላዋን አጣጠፈች።

«ታዲያ ቤቷ ሄደሽ አትጫወቺም? እዚሁ አይደለች እንዴ?»

«ምን ብዬ ነው የምሄድ? ልቅሶ የለ፣ ዝክር የለ፣ የታመመ የለ። ባሏ ቁጭ ብሎ ምን ፈለገች ቢል ምን እለዋለሁ? እንዲያው ሰው ያለ ጉዳይ ሰው ቤት ይገባል?» አለች። «ያኔ እኮ ጉዳይ ነበረን።»

እኔ ያንን ጨለማ ከመብራት ላድነው ስለፋ ነው የከረምኩት። በር ባለው ቆርቆሮ ቤት ምክንያት ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም። ለዚህ ምን ይባላል? መጸዳጃ ቤቱ ይፍረስ አይባልም። አዘንኩ፤ ከማዘን በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

ባለሆቴሉ ከዚያ ማታ በኋላ የጀርባውን መብራት አስነክተውት አያውቁም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ መጸዳጃ ቤት ካገኘ በኋላ አንድ ቀን ጠሩኝና ወደ ሌላ ወደ ሌላ እያዩ «የጀርባው መብራት... እናትሽን ጠይቂልኝ» አሉኝ። ያን ያህል የወደድኳቸው ጊዜ የለም።

ጠየቅኋት። «ይብራ እንጂ፤ አሁን ማን አለ ብለሽ?» አለች። ቀጥላም ልየው ስላለች ይዣት ሄድኩ። እናቴ ከዚያ በፊት ሆቴሉ ግቢ ገብታ አታውቅም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከጓሮው በረንዳ ላይ፣ ከፓውዛዎቹ ሥር ቆምን፤ ዘበኛው አበሩ።

ቦረቦሩ ባዶ ነበር። እናቴ አፋፉን ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ይህችን ብቻ ታህላለች?» አለች። «እኔ እኮ ሰፊ ትመስለኝ ነበር።»

ከላይ በኩል የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች ይታዩ ነበር፤ ከመቀመጥ ብዛት ልሙጥ ሆነዋል። እየጠቆመች ይቺ የኔ፣ ያቺ የማዶዋ ጎረቤቴ፣ ያቺ የሟቿ ባልንጀራዬ አለችኝ። በዚህ መካከል ከቦረቦሩ ማዶ አንድ በር ተከፈተና ያቺው ጎረቤቷ ብርሃኑን ልታይ ወጣች። ፊቷ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ የነጠላዋ ጥለት እንኳ ይለያል። እናቴ ፊቷ በራ። እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችላት።

የማዶዋ ሴት መዳፏን በዓይኖቿ ላይ ጋርዳ ወደ እኛ አየች። ከፓውዛ ሥር የቆመ ሰው ከፊት ለፊት ለሚያየው አይታይም፤ የሚታየው ብርሃኑ ብቻ ነው። እናቴ ደግማ አወዛወዘች። ሴትዮዋ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ዞራ ገባችና በሩን ዘጋችው።

«አየችኝ እኮ፤ ምነው ዝም አለችኝ?» አለች እናቴ።

«አላየችሽም እማ። መብራቱ ነው።»

እጇን ገና አላወረደችም ነበር። «በጨለማው በኮቴዬ ታውቀኝ ነበር» አለች።